ሰፋፊ የወረቀት ሥራዎችን ስለ መያዝና ስለ ማሳየት፤ በኢጣልያ ሠዓሊዎች ንድፎች ላይ የቀረበ ሂስ

1. መግቢያ

በሥነ ጥበብ ላይ የሚጻፍ ሂስ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምረው የሠዓሊውን እጅ፣ የቀለሙን ስምምነትና የታሪኩን ምሥጢር ነው። ሥዕሉ በምን ላይ እንደ ተሣለ፣ ማን እንደ ተሸከመው፣ በምን እንደ ተሰቀለና በምን ያህል ብርሃን ፊት እንደ ቆመ የሚጠይቅ ሐያሲ ግን ጥቂት ነው። ይህ ጉዳይ ለቤተ መዘክር ሠራተኞች የተተወ የእጅ ሥራ ብቻ ሆኖ ይቈጠራል። እኛ ግን ይህን አስተያየት አንቀበለውም። ሥራው የተሣለው በወረቀት ላይ እንደ ሆነ፣ ይልቁንም ወረቀቱ ከሰው ቁመት የሚበልጥ እንደ ሆነ፣ ተመልካቹ ምን እንደሚያይ የሚወስነው አያያዙና አሰቃቀሉ ነው። ከእኛ በኋላ የሚመጡትም የሚያዩት ነገር ይቈያቸው እንደ ሆነ የሚወስነው ይኸው ነው። ስለዚህ ሥዕሉ እንደሚተች ሁሉ አቀራረቡም ሊተች ይገባዋል።

ለዚህ ምርመራ የመረጥናቸው ኢጣልያውያን ሠዓሊዎች በ16ኛው መቶ ዓመት መባቻ አካባቢ የሠሯቸውን ታላላቅ ንድፎች ነው። ኢጣልያኖች እንዲህ ያለውን ንድፍ «ካርቶኔ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም ትልቅ ወረቀት ማለት ነው። ሠዓሊው በግድግዳ ላይ የሚሣለውን ወይም በሽመና የሚወጣውን ሥዕል አስቀድሞ በእውነተኛ መጠኑ በወረቀት ላይ ይነድፈዋል። በዚያ ዘመን ይህን የሚያህል ወረቀት በአንድ ጊዜ ተሠርቶ ስለማይወጣ ብዙ ቅጠል ወረቀት ጠርዝ ለጠርዝ በማጣበቂያ እየተያያዘ ይቀጠል ነበር። ንድፉ ወደ ግድግዳ እንዲተላለፍ በተፈለገ ጊዜ መስመሮቹ በመርፌ ይወጋሉ፤ የከሰል ዱቄት በቀዳዳዎቹ ላይ ሲመታ ምልክቱ በልስኑ ላይ ያርፋል። እንግዲህ ካርቶኔ በመሠረቱ የሥራ መሣሪያ ነበረ እንጂ በአዳራሽ ተሰቅሎ እንዲታይ የታሰበ ጌጥ አልነበረም። ዛሬ በቤተ መዘክር ስናየው የምናየው ከተሠራለት ዓላማ በላይ የኖረ ነገር ነው።

ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

2. ወዳጆቹ ያጠፉት ንድፍ

በመጀመሪያ ዛሬ ከሌለው እንነሣ። ሚኬላንጄሎ በ1504 ለፍሎረንስ ከተማ የምክር ቤት አዳራሽ የካሺናን ጦርነት እንዲሥል ታዝዞ ታላቅ ካርቶኔ አዘጋጀ። በግድግዳው ላይ ሊሣል የታሰበው ሥዕል ከፍጻሜ አልደረሰም፤ ካርቶኔው ግን ለወጣት ሠዓሊዎች ትምህርት ቤት ሆነላቸው። የሠዓሊያንን ታሪክ የጻፈው ጆርጆ ቫዛሪ ከዚህ ንድፍ ከተማሩት መካከል ራፋኤልን ሳይቀር ይቈጥራል። ይኸው ጸሐፊ ንድፉ በቂ ጠባቂ ሳይኖረው በሠዓሊዎች እጅ ስለ ተተወ ተቀዳዶ በየቦታው እንደ ተበታተነ ይነግረናል። ዛሬ የምናውቀው በቅጂ ብቻ ነው፤ ከቅጂዎቹም ዋናው የአሪስቶቲሌ ዳ ሳንጋሎ ነው የሚባለው ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ለተማሪዎች የተለየ ትርጉም አለው። ወረቀቱን ያጠፋው እሳት ወይም ዘራፊ ሠራዊት አልነበረም። ያጠፉት የወደዱትና ከእርሱ የተማሩት ሰዎች ናቸው። ከዚህም በመነሣት «እንግዲያው ይቈለፍበት» የሚል ሰው ይኖራል። ነገር ግን ይህ ፍርድ ችኰላ ነው። ንድፉ ተቈልፎበት ቢሆን ኖሮ የአንድ ትውልድ ሠዓሊዎች ከእርሱ ባልተማሩ ነበር፤ ዛሬ ያለን ቅጂም ባልተገኘ ነበር፤ ቅጂውን የሠራው ከእነዚያው እጆች አንዱ ነውና። ጥፋቱ የመጣው ዓይን ስለ በዛበት አይደለም፤ እጁ ሥርዐት ስላልነበረው፣ ወረቀቱም ደጋፊ ስላልነበረው ነው። ስለዚህ ክርክራችን የሚከተለው ነው፤ ማሳየትና ማቈየት በባሕርያቸው ጠላቶች አይደሉም፤ ጠላት የሚሆኑት አሳዪው በእጁ ያለው ነገር ወረቀት መሆኑን በዘነጋ ጊዜ ነው።

3. የወረቀት ጠባይ

ወረቀት ከአየሩ ጋር ይንቀሳቀሳል። አየሩ እርጥበት ሲያዝል ቃጫው ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኰማተራል። ይህ መንቀሳቀስ በአንድ መጽሐፍ ገጽ ላይ አይታወቅም፤ በ3 ሜትር ወረቀት ላይ ግን የእያንዳንዱ ቅጠል ጥቂት ጥቂት ተደምሮ ብዙ ይሆናል። ቅጠሎቹ ተደራርበው በተጣበቁበት መስመር ላይ ወረቀቱ እጥፍ ስለ ሆነና ማጣበቂያውም ስላደረቀው ከቀረው ክፍል እኩል አይላላም፤ ስለዚህ በመጋጠሚያው አጠገብ ይጨማደዳል ወይም ይሰነጠቃል። ከበስተ ጀርባው ሸራ ተለጥፎበት እንደ ሆነ ደግሞ ሸራው በራሱ መጠን ወረቀቱም በራሱ መጠን ስለሚሳሳቡ ችግሩ ይጨምራል።

ሁለተኛው ነገር ክብደት ነው። አንድ ቅጠል ወረቀት ክብደት የለውም እንላለን፤ ነገር ግን ሰፊ ወረቀት በሁለት ማዕዘኑ ተይዞ ሲነሣ ክብደቱ ሁሉ በሁለት ጣት ቦታ ላይ ይንጠለጠላል። ቀድሞ የተሰነጠቀ ከሆነም ስንጥቁ በቅጽበት ይረዝማል። ስለዚህ የሙያው የመጀመሪያ ደንብ ወረቀቱን ሳይሆን ወረቀቱ የተኛበትን ጠንካራ ሰሌዳ ማንሣት ነው። ሰሌዳውም ከመነሣቱ አስቀድሞ የበሩ ስፋት ይለካል፤ የሚያርፍበት ጠረጴዛ ይጸዳል፤ ከተሸካሚዎቹም ትእዛዝ የሚሰጠው አንዱ ብቻ እንዲሆን ይወሰናል። የጥጥ ጓንት ማድረግ የጥንቃቄ ምልክት ይመስላል፤ ነገር ግን ጓንቱ የጣትን ስሜት ያደነዝዛል፤ በተቀደደ ጠርዝም ይያዛል። ስለዚህ ዛሬ ብዙዎቹ የወረቀት ጠጋኞች ታጥቦ የደረቀ ባዶ እጅን ይመርጣሉ። አሲድ በሌለው ወረቀት በተሸፈነ ወፍራም ቱቦ ላይ መጠቅለል ለካርታና ለታተመ ወረቀት ሊስማማ ይችላል፤ ከሰልና ጠመኔ ግን በወረቀቱ ላይ እንደ ዱቄት ያረፉ ስለ ሆኑ ሲጠቀለሉ ይፋቃሉ።

ሦስተኛው ብርሃን ነው። ቅዳጅ ይጠገናል፤ ብርሃን ያደበዘዘው ቀለም ግን በማናቸውም ጥበብ አይመለስም። ጉዳቱ የሚታሰበው የብርሃኑ ኀይል ከቈየበት ጊዜ ጋር ተባዝቶ ነው፤ በ100 ሉክስ 3 ወር መታየት በ50 ሉክስ 6 ወር ከመታየት ጋር አንድ ነው። በቤተ መዘክሮች ለወረቀት ሥራ የተለመደው ልክ 50 ሉክስ ያህል ነው፤ አልትራቫዮሌት የተባለው የማይታይ ጨረርም ተጣርቶ እንዲቀር ይደረጋል። እንግዲህ አሳዪው በየቀኑ የማይተካ ሀብት ያወጣል፤ ወጪውም ለምን እንደ ዋለ ሊጠየቅ ይገባዋል።

4. በለንደን ያሉት የራፋኤል ንድፎች

የሮማው ፓፓ ሊዮን 10ኛ በሲስቲን ጸሎት ቤት ግድግዳ የሚሰቀሉ የሽመና ሥዕሎች እንዲሠሩ ባዘዙ ጊዜ ራፋኤል በ1515ና በ1516 የሐዋርያትን የጴጥሮስንና የጳውሎስን ታሪክ በታላላቅ ወረቀቶች ላይ በቀለም ሣለ። ንድፎቹ ወደ ብሩክሴል ወደ ፒተር ቫን አልስት መሸመኛ ቤት ተላኩ። ሸማኔዎቹ ከሥራቸው በታች እያኖሩ እንዲከተሏቸው ወረቀቶቹን ከላይ ወደ ታች በረጃጅሙ ቈራረጧቸው። የሚሸምኑት ከጀርባ በኩል ስለ ነበረ በጨርቁ ላይ ቀኙ ግራ፣ ግራውም ቀኝ ሆኖ ይወጣል፤ ራፋኤልም ይህን አስቦ ገልብጦ ነበር የነደፋቸው። ከንድፎቹ 7ቱ ተርፈዋል። በ1623 በኋላ ቀዳማዊ ቻርልስ ተብሎ የነገሠው የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ ገዛቸው። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተቈራረጡት ክፍሎች ተጋጥመው በሸራ ላይ ተለጠፉና በሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት ተሰቀሉ። ከ1865 ጀምሮ ንግሥት ቪክቶሪያ ባበደሩት መሠረት ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት በሚባለው ቤተ መዘክር ይታያሉ። እያንዳንዳቸው ቁመታቸው ከ3 ሜትር በላይ ነው፤ ከመካከላቸውም ስፋቱ 5 ሜትር የሚያልፍ አለ።

የ17ኛው መቶ ዓመት ጠጋኞች ባይደርሱላቸው ኖሮ ቍርጥራጮቹ እንደ ካሺና ንድፍ በየአገሩ በተበተኑ ነበር፤ ይህን ሳናመሰግን አናልፍም። ነገር ግን ያ ጥገና ሥራዎቹን ካዳነ በኋላ ስማቸውን ለወጠባቸው። ሸራ ተለጥፎባቸው፣ ክፈፍ ገብቶላቸው፣ ከዓይን በላይ ከፍ ብለው ሲሰቀሉ ወረቀት መሆናቸው ተረሳና የዘይት ቀለም ሥዕል መሰሉ። ተመልካቹ ከሩቅ ሆኖ የታሪኩን ግርማ ያያል፤ የመቀስ መስመሩን፣ የመርፌውን ቀዳዳ፣ የቅጠሎቹን መጋጠሚያ ግን አያይም። እነዚህ ደግሞ ጕድለቶች አይደሉም፤ ሥራው ምን እንደ ነበረ የሚናገሩ ምስክሮች ናቸው። በ2019 ንድፎቹ በታላቅ ጥራት ተቀርጸው ምስላቸው ለሕዝብ ስለ ተሰጠ ከአዳራሹ ወለል ላይ የማይታየው ነገር አሁን በምስል ይታያል። ይህ መልካም ነው፤ ሆኖም ከዋናው ፊት የቆመ ሰው ለማየት ወደ ቅጂ መሄድ የሚገባው ከሆነ አሰቃቀሉ አንድ ነገር ጐድሎታል ማለት ነው።

ብርሃንም የወሰደው በዚያው ይታያል። ጌታ ለጴጥሮስ ዓሣ የሞላበትን መረብ በሰጠበት ሥዕል ላይ የክርስቶስ ቀሚስ ዛሬ ነጭ ነው። በመጀመሪያ ግን ቀይ ነበረ፤ ቀለሙ ብርሃን የማይችል ስለ ነበረ ጠፋ። በሌላ ቀለም የተሣለው የውኃው ላይ ጥላው ግን እስከ ዛሬ ቀላ ብሎ ይታያል። ውኃው የሚመሰክረውን ቀሚሱ ክዷል። ስለ ብርሃን ጉዳት ተማሪን ለማስተማር የሚፈልግ መምህር ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አያገኝም።

5. የሌዎናርዶ ንድፍና መስተዋቱ

በለንደን ናሽናል ጋለሪ ያለው የሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ ካርቶኔ ቅድስት ድንግል ማርያምን ከልጇ፣ ከቅድስት ሐናና ከሕፃኑ ከመጥምቁ ዮሐንስ ጋር ያሳያል። በ8 ቅጠል ወረቀት ላይ በከሰልና በነጭ ጠመኔ የተሠራ ሲሆን ቁመቱ 141.5፣ ስፋቱ 104.6 ሳንቲ ሜትር ነው። መስመሮቹ በመርፌ አልተወጉም፤ እንግዲህ ወደ ሌላ ገጽ አልተላለፈም ማለት ነው። በ1962 ከእንግሊዝ አገር እንዳይወጣ ከሕዝብ ገንዘብ ተሰብስቦ በ800,000 ፓውንድ ተገዛ።

በሐምሌ ወር 1987 አንድ ሰው አፈ ሙዙ በተቈረጠ ጠመንጃ ከቅርብ ሆኖ ተኰሰበት። መስተዋቱ እርሳሱን አገደ፤ ወደ ወረቀቱ አላሳለፈውም። ነገር ግን ከምቱ ኀይል የተነሣ መስተዋቱ በስተ ጀርባው ተሰባብሮ ስባሪው የድንግል ማርያምን ልብስ በ15 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ጐዳው። ጥገናው ረቂቅ ሥራ ነበረ፤ ወረቀቱን በውኃ ማርጠብ ከሰሉንና ጠመኔውን ያንቀሳቅሳልና። ንድፉ ለሕዝብ እንደ ገና የታየው በ1989 ነው።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ስለ ወንጀል አይደለም። መስተዋት ለወረቀት ጋሻው ነው፤ ነገር ግን ጋሻም ከሰውነት ጋር ተጣብቆ ሲያዝ ያቈስላል። በመስተዋቱና በወረቀቱ መካከል ሊኖር የሚገባው ርቀት፣ የመስተዋቱ ንብርብር፣ ሲሰበር ስባሪውን የሚይዘው ነገር፣ ይህ ሁሉ የንድፉ ዕድል አካል ነው። በመስተዋት ፈንታ ቀላል ፕላስቲክ ይግባ የሚሉ አሉ፤ ክብደቱ ስለሚያንስ ለሰፊ ሥራ የሚያመች ይመስላል። ነገር ግን ተራው ፕላስቲክ ሲወለወል በሰበቃ ኤሌክትሪክ ይሞላና የከሰሉን ብናኝ ወደ ራሱ ይስባል። ስለዚህ ለቀለም ኅትመት የሚበጀው ለከሰል ንድፍ ሁልጊዜ አይበጅም።

ወረቀት በሚታይበት ክፍል ብርሃኑ ደበዘዘ ብለው የሚያጕረመርሙ ጐብኚዎች ሞልተዋል። በዚህ በኩል ከጠባቂዎቹ ጋር እንቆማለን። ከፀሐይ ወደ ጨለም ያለ ክፍል የገባ ዓይን ለመልመድ ጥቂት ደቂቃ ያስፈልገዋል፤ ደቂቃዋን የሚነፍግ ሰው ብርሃኑ ቢጨመርለትም ብዙ አያይም። ነገር ግን ጠባቂው ዝግታን ሲጠይቅ ለዝግታው ቦታ ማዘጋጀት ይገባዋል፤ ከደማቅ አዳራሽ በቀጥታ ወደ ደብዛዛው መክተት የተመልካቹን ዓይን ማሳወር ነው።

6. የሚላኖው ንድፍ

ሦስተኛው በሚላኖ ከተማ በአምብሮዚያና የሚገኘው ራፋኤል «የአቴና ትምህርት ቤት» ለተባለው የቫቲካን ሥዕል ያዘጋጀው ካርቶኔ ነው። ርዝመቱ 8 ሜትር ያህል፣ ቁመቱ 285 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ከ200 በላይ ቅጠሎች ተቀጥለው የሠሩት ነው። ፈላስፎቹ በከሰልና በነጭ ቀለም ተነድፈው ቆመዋል፤ በግድግዳው ሥዕል ላይ የሚታየው ታላቁ ሕንፃ ግን በንድፉ ላይ የለም። ከፊት ለፊት አገጩን ተደግፎ የሚተክዘው ሰው በኋላ የተጨመረ ስለ ሆነ እርሱም በዚህ የለም።

ይህ ወረቀት እንዴት ተረፈ? መስመሮቹ ተወግተዋል፤ ነገር ግን ራሱ በእርጥብ ልስን ላይ አልዋለም። ምልክቱ ወደ ሌላ ተራ ወረቀት ከተላለፈ በኋላ የተቈራረጠውና የተበላሸው ያ ምትኩ ነው ተብሎ ይታመናል። እንግዲህ ዋናውን ለማዳን ምትክ ማዘጋጀት የዛሬ ቤተ መዘክሮች የፈጠሩት ዘዴ ሳይሆን ራሱ ሠዓሊው የሚያውቀው ነበረ። ካርዲናል ፌዴሪኮ ቦሮሜዎ ንድፉን በ1610 በውሰት ተቀበሉ፤ በ1626 ተገዝቶ የአምብሮዚያና ሀብት ሆነ። በ1796 የናፖሌዎን ሠራዊት ወደ ፓሪስ ወሰደው፤ ናፖሌዎን ድል ከሆነ በኋላ በ1815 ወደ አገሩ ተመለሰ። በዘመናችንም 4 ዓመት ያህል የፈጀ ጥገና ተደርጎለት በ2019 ለሕዝብ ተከፈተ። አሁን ያለው ከአንድ ወጥ ሰፊ መስተዋት ኋላ ነው።

ከሦስቱ አቀራረቦች ይህን እናስበልጣለን። አንደኛ፣ ወረቀቱ ወረቀት ሆኖ ይታያል፤ ተመልካቹ የቅጠሎቹን መጋጠሚያ፣ የከሰሉን ፍቅፋቂ፣ የሠዓሊውን የእጅ ርምጃ ይከተላል። ሁለተኛ፣ መስተዋቱ በመካከል መጋጠሚያ ስለሌለው የመስተዋት መስመርና የወረቀት መስመር አይምታቱም። «ይህን የሚያህል ሣጥን ከተሠራለት በኋላ ወዴት ይንቀሳቀሳል?» ብሎ የሚነቅፍ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ይህን ከበጎነቱ እንቈጥረዋለን። 8 ሜትር የሆነ ወረቀት በየአገሩ ለትርኢት ሊዞር አይገባውም፤ የሚጓዘው ሰው ይሁን። ወደ ፓሪስ ሄዶ መመለሱ ለአንድ ወረቀት ይበቃዋል።

7. ማኅደር የሌለው ወረቀት

በአገራችን የብራና መጽሐፍ ከማኅደሩ ጋር ይታሰባል። ደብተራው ብራናውን ከጻፈና ከደጐሰ በኋላ በልኩ የቆዳ ማኅደር ይሰፋለታል፤ ማንገቻውም መጽሐፉን በግድግዳው ችካል ላይ ያንጠለጥለዋል። መያዣውና መጽሐፉ አንድ ሥራ ናቸው። የኢጣልያው ካርቶኔ ግን ማኅደር ሳይሰፋለት የተወለደ ነው፤ ለአንድ ሥራ ተዘጋጅቶ ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው ማንም አላሰበለትም። ስለዚህ ቤተ መዘክር ሲያሳየው የሚያደርገው ነገር ዘግይቶ ማኅደር መስፋት ነው፤ መልካም ማኅደርም ያለ ጥርጥር በልክ የሚሰፋ ነው እንጂ ከሌላ የተወረሰ አይደለም። የለንደኑ ራፋኤል የለበሰው የዘይት ሥዕል ማኅደር ነው፤ የሚላኖው የለበሰው የራሱን ነው።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። ካርታዎች፣ የሕንፃ ፕላኖች፣ የግድግዳ ማስታወቂያዎችና አሮጌ ጋዜጦች በአገራችንም ሰፋፊ ወረቀቶች ናቸው። ብራናን የለመደ እጅ ወረቀትንም እንደ ብራና ያጥፈዋል፤ ነገር ግን ወረቀት ደጋግሞ በታጠፈበት መስመር ቃጫው ይሰበራል። ተማሪዎች ትርኢት ስናዘጋጅ ዋናውን ወረቀት በመርፌ ቍልፍ ከግድግዳ ጋር መውጋት፣ ቅዳጁን በሚጣበቅ ፕላስቲክ መለጠፍ፣ በመስኮት ትይዩ ማቆም ጥፋት ነው፤ ፕላስቲኩ ዘመን ሲቈጥር ይቢጫል፤ ሙጫውም ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል። በዚህ ፈንታ ከወረቀቱ የሚበልጥ ጠንካራ ሰሌዳ፣ አሲድ የሌለው ሰፊ አቃፊና ለግድግዳ የሚሆን ጥሩ ቅጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ለማጠቃለል፣ ሰፊ የወረቀት ሥራ የሚያሳይን ማንኛውንም አዳራሽ ለመመዘን ሦስት ጥያቄዎች እናቀርባለን። ተመልካቹ የሚያየው ነገር ወረቀት መሆኑን ይረዳልን? ዛሬ የተደረገለት ድጋፍ ነገ ወረቀቱን ሳይጐዳ ሊነሣ ይችላልን? የሚወጣበት ብርሃን በሚገኘው ትምህርት ልክ ነውን? ለእነዚህ ሦስቱ አዎን የሚል አዳራሽ ደጁን ለተማሪ ሁሉ ሊከፍት ይገባዋል፤ የካሺና ንድፍ የጠፋው ደጁ ስለ ተከፈተ ሳይሆን ከደጁ ውስጥ እነዚህን የሚጠይቅ ሰው ስላልነበረ ነውና። መመዘኛው ይጐድላል ወይም ይበዛል የሚል አንባቢ በሚቀጥለው የዚህ መጽሔት እትም ሐሳቡን ቢጽፍልን ደስ ይለናል።